ፈረሱን ሰጥቶ ንጉሥ የሚማርከው ሰው፦ የሚካይል ታል ታሪክ

የዛሬው ባለታሪካችን ከሞተ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። ጦር አልመራም፤ አገርም አልገዛም። ስድሳ አራት ቤት ባለው ገበታ ፊት ተቀምጦ ግን የተመልካቹን ልብ ሰቅሎ ይይዝ ነበር። ስሙ ሚካይል ታል ይባላል። በታሪኩ ውስጥ የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ስለ እሱ እንድናወጋ ያነሣሣን እዚሁ ኢየሩሳሌም የገጠመን ነገር ነው። ከነቢያት ጎዳና ታጥፋችሁ በኢትዮጵያ ጎዳና ወደ ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ስትሄዱ፣ ያን ግራና ቀኙ በድንጋይ አጥር የታጠረ ጠባብ መንገድ ታውቁታላችሁ። ባለፈው ሰሞን ሁለት ወጣቶቻችን አጥሩን ተደግፈው በእጅ ስልካቸው አንድ የቆየ የቼዝ ጨዋታ ያያሉ። ጠጋ ብዬ ብመለከት የታል ጨዋታ ነው። ታል ፈረሱን በነጻ ሲያስበላ፣ ስልኩ ላይ ያለው የቼዝ ፕሮግራም ወዲያው ቁጥሩን ገለበጠና ስሕተት ነው የሚል ምልክት አወጣ። አንደኛው ልጅ ሳቀ፤ ይህ ሰው ዕድለኛ ቁማርተኛ እንጂ ሻምፒዮን አይደለም ብሎ ፈረደ። ሁለተኛው ዝም አለ።

እኔም ለጊዜው ዝም አልኩ። ብዙ ዓመት ቀይ እስክሪብቶ ይዞ ደብተር ሲያርም ለኖረ መምህር ግን ያ ሳቅ በቀላሉ የሚታለፍ አልነበረም። ማሽኑ ስሕተት ያለውን ነገር አድርጎ የዓለም ሻምፒዮን የሆነ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? ማሽኑስ ስሕተት ነው ሲል በትክክል ምን ማለቱ ነው? የዛሬው ወጋችን ይኸው ነው።

ሚካይል ታል የተወለደው ኖቬምበር 9 ቀን 1936 በላትቪያ ዋና ከተማ በሪጋ፣ ከአይሁድ ቤተሰብ ነው። አባቱ ሐኪም ነበሩ። ሕፃኑ ሲወለድ የቀኝ እጁ ሦስት ጣቶች ብቻ ነበሩት። በዚያ እጁ ግን አድጎ ፒያኖ ይጫወት ነበር። በሦስት ዓመቱ ማንበብ እንደ ጀመረ ይነገርለታል።

አምስት ዓመት ሳይሞላው ጦርነት መጣ። በ1941 የናዚ ጦር ወደ ሪጋ ሲገሰግስ ቤተሰቡ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ኡራል ተራሮች አካባቢ ሸሸ። ያልሸሹት ምን እንደ ደረሰባቸው በዚህች ከተማ ለሚኖር ሰው መንገር አያስፈልግም። በዚያው ዓመት ኖቬምበር 30 እና ዲሴምበር 8፣ በሁለት ቀን ብቻ፣ ከሪጋ ወጣ ብሎ በሚገኘው የሩምቡላ ጫካ ወደ 25,000 የሚጠጉ አይሁዳውያን ተረሸኑ። ታል በሕይወት የተረፈው በመሄድና በመቅረት መካከል በነበረች ጠባብ ቀዳዳ ነው።

ከጦርነቱ በኋላ ወደ ሪጋ ተመለሱ። ልጁ ቼዝን ያወቀው በአባቱ ክሊኒክ ነው፤ ተራቸውን የሚጠብቁ ሕመምተኞች ሲጫወቱ ቆሞ እያየ። አንድ ቀን የአጎቱ ልጅ በአራት እርምጃ ብቻ ማት አድርጎ አሸነፈው ይባላል። ልጅ ነውና ተቆጣ። ከዚያ በኋላ በከተማው የወጣቶች ማእከል የቼዝ ክበብ ገባ፤ ከጊዜ በኋላም አሌክሳንደር ኮብሌንትስ የተባለውን አሠልጣኙን አገኘ። ሁለቱ ለብዙ ዓመት አልተለያዩም።

ትምህርት ላይም ፈጣን ነበር። በአሥራ አምስት ዓመቱ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሥነ ጽሑፍ አጠና፤ የመመረቂያ ጽሑፉን የሠራው ኢልፍ እና ፔትሮቭ በተባሉት ሁለት የሶቪየት ምፀተኛ ደራስያን ላይ ነው። ሲመረቅም ሪጋ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት ለተወሰነ ጊዜ አስተማረ። የሙያ ባልደረባዬ ነው ማለት ነው! ጠመኔውን ግን ብዙም አልያዘው። በ1957፣ በሃያ ዓመቱ፣ በዓለም እጅግ ከባድ የነበረውን የሶቪየት ኅብረት ሻምፒዮና አሸነፈ። በሚቀጥለው ዓመትም ደገመው።

ሰው የተደነቀው በማሸነፉ ብቻ አልነበረም፤ በአሸናነፉ ነው። ለማያውቁት በአጭሩ እንንገር። በቼዝ እያንዳንዱ ቁራጭ የዋጋ ግምት አለው። ወታደር አንድ፣ ፈረስና ጳጳስ ሦስት ሦስት፣ ግንብ አምስት፣ ንግሥት ዘጠኝ። ንጉሡ ዋጋ የለውም፤ እሱ ከተያዘ ጨዋታው አለቀ። መስዋዕት ማለት እንግዲህ ከነዚህ አንዱን አውቆ ማስበላት ነው። ይህም ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ሒሳቡ የተዘጋ ነው፤ ፈረስ እሰጣለሁ፣ በሦስተኛው እርምጃ ንግሥት እበላለሁ ይላል ተጫዋቹ። ይህ መስዋዕት ከመባል ንግድ ቢባል ይሻላል። ሁለተኛው ግን በግምት የሚከፈል ነው። ፈረሱ አሁን ይሄዳል፤ በምላሹ የሚመጣው ነገር በግልጽ አይታይም። የተቃዋሚው ንጉሥ አጥሩ ይፈርሳል፣ መንገዶች ይከፈታሉ፣ ግርግር ይነሣል። ማት ይምጣ አይምጣ ግን ማንም እርግጠኛ አይደለም።

ገበሬ አባቶቻችን ይህን ያውቁታል። ክረምቱ ሳይገባ የሚበላውን እህል ከጎተራ አውጥቶ አፈር ላይ መበተን ማለት ነው። ጎተራውን ብቻ የሚቆጥር ሰው ኪሳራ ያያል። ዘሪው ደመናውን ያያል፤ ዝናቡ ግን ገና አልዘነበም። ታል በዚህ ሁለተኛው ዓይነት መስዋዕት ነው የሪጋው አስማተኛ የተባለው።

በ1959 ለዓለም ሻምፒዮና ተፎካካሪ የሚመረጥበት ውድድር በዩጎዝላቪያ ተካሄደ። ስምንት ተጫዋቾች ናቸው፤ እያንዳንዱ ከእያንዳንዱ ጋር አራት አራት ጊዜ ይገጥማል። ታል ከ28 ጨዋታ 20 ነጥብ ሰብስቦ አንደኛ ወጣ። ኋላ ዓለምን ያናወጠው አሜሪካዊው ቦቢ ፊሸር ያኔ የ16 ዓመት ልጅ ነበር፤ ታል አራቱንም ጊዜ አሸነፈው። ታል ሲጫወት ተጋጣሚውን ፊት ለፊት የሚያፈጥበት ዓይን ነበረውና፣ ፓል ቤንኮ የተባለው ተጫዋች ዓይኑ ያፈዝዘኛል ብሎ ጥቁር መነጽር አድርጎ መጣ። ታልም ለካ አንድ ትልቅ ጥቁር መነጽር ተውሶ ኖሯል፤ አውጥቶ ሲያደርገው አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

በ1960 ከማርች አጋማሽ እስከ ሜይ መጀመሪያ፣ ሞስኮ ላይ ከሻምፒዮኑ ከሚካይል ቦትቪኒክ ጋር ገጠመ። ሁለቱ ሚካይሎች ሰማይና ምድር ነበሩ። ቦትቪኒክ የ48 ዓመት ጎልማሳ፣ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ፣ ሁሉን ነገር ለክቶና መዝኖ የሚሠራ ሰው። ታል የ23 ዓመት ወጣት፣ ሲጋራ ከእጁ የማይለይ፣ ቀልደኛ።

ስድስተኛው ጨዋታ እስከ ዛሬ ይወራል። ታል ጥቁሩን ይዞ ነበር። በ21ኛው እርምጃ ፈረሱን ወስዶ በቀላሉ በሚበላበት ቤት አስቀመጠው። አዳራሹ ተንጫጫ። ጩኸቱ አልቆም ሲል ዳኛው ሁለቱን ተጫዋቾች ከመድረኩ አንሥተው ከኋላ ባለ ዝግ ክፍል እንዲቀጥሉ አደረጉ። ቦትቪኒክ ፈረሱን በላ። ከዚያም ሰዓቱ እየሄደ፣ ንጉሡ ዙሪያ አደጋ እየተከመረ፣ ትክክለኛውን መልስ ሊያገኝ አልቻለም። ታል አሸነፈ። ኋላ ግን ባለሙያዎች ተቀምጠው ሲመረምሩት፣ ቦትቪኒክ ትክክለኛውን እርምጃ ቢያገኝ ኖሮ የተሻለ የሚሆነው እሱ እንደ ነበር ታወቀ። ቢሆንም ውድድሩ 12.5 ለ 8.5 አልቆ፣ ታል እስከዚያ ድረስ በታሪክ በዕድሜ ትንሹ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ወደ ወጣቶቹ ስልክ እንመለስ። ያ ፕሮግራም የሚያሳየው ቁጥር ከየት ይመጣል?

ፕሮግራሙ እንዲህ ያደርጋል። እኔ ይህን ብሄድ እሱ ምን ይመልሳል? እሱ ያን ቢመልስ እኔ ምን እሄዳለሁ? እያለ ቅርንጫፍ ያለው ትልቅ ዛፍ ይሠራል። በአንድ አቀማመጥ ላይ ሠላሳ ያህል የሚቻል እርምጃ ቢኖር፣ ሁለቱ ወገኖች ሁለት ሁለት ጊዜ ሲንቀሳቀሱ 810,000 መንገድ ይሆናል። ስለዚህ የማይረቡትን ቅርንጫፎች እየቆረጠ ወደ ጥልቁ ይወርዳል። የቻለውን ያህል ወርዶ ሲቆም፣ በየቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ያለውን አቀማመጥ በቁጥር ይመዝናል። ቀድሞ የሚመዝነው በዋነኛነት የቁራጮቹን ዋጋ ደምሮ ነው፤ የንጉሡን ደኅንነት፣ የመንገዶቹን መከፈትና የመሳሰለውን ትንሽ ትንሽ ነጥብ ይጨምርበታል። አንድ ነጥብ ማለት በግምት የአንድ ወታደር ብልጫ ነው። ከዚያ ወደ ላይ ሲመለስ አንድ ጥብቅ ሕግ ይከተላል፤ ተቃዋሚዬ ምንጊዜም ከሁሉ የተሻለውን መልስ ይሰጣል የሚል ሕግ።

ለታል ዓይነት መስዋዕት ይህ አሠራር ሁለት ችግር አለበት። የመጀመሪያው፣ ዋጋው የሚገኘው ዛፉ ከቆመበት ጫፍ ባሻገር ከሆነ ማሽኑ አያየውም። ዝናቡ የሚዘንበው በሐምሌ ሆኖ እሱ ሰኔ ላይ ቆሞ ጎተራውን ከቆጠረ፣ የሚያየው የጎደለውን ሦስት ነጥብ ብቻ ነው። የድሮዎቹ ፕሮግራሞች እንዲህ ዓይነቱን መስዋዕት እምቢ የሚሉት ለዚህ ነበር። ሁለተኛው ችግር ደግሞ ማሽኑ የቱንም ያህል ቢጠልቅ አይቀረፍም። ቁጥሩ ተቃዋሚው እንደማይሳሳት አድርጎ ነው የሚያስበው። ቦትቪኒክ ግን ሰው ነው። ለመጀመሪያዎቹ 40 እርምጃዎች የተሰጠው ሁለት ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። ከመቶ መንገድ ዘጠና ዘጠኙ ገደል ሆኖ አንዱ ብቻ ቢያድን፣ ለማሽኑ ያ አቀማመጥ ደኅና ነው። ለሚያልበው ሰው ግን ገደል ነው።

ታል ራሱስ ይህን ሁሉ አስልቶ ነበር? ስለዚህ ነገር ራሱ የተናገረው አንድ ታሪክ አለ። በ1964 መጨረሻ ላይ በተጀመረው የኪየቭ ሻምፒዮና ከኢቭጌኒ ቫስዩኮቭ ጋር ሲጫወት ፈረሱን ለመሠዋት አሰበ። ቅርንጫፎቹን መቁጠር ጀመረ። አንዱ ሌላውን እየወለደ ጭንቅላቱ ውስጥ ክምር ሆነ። በዚህ መሀል ከየት እንደ መጣ ሳያውቅ ኮርኔይ ቹኮቭስኪ ለልጆች የጻፈው ግጥም ትዝ አለው፤ ጉማሬን ከረግረግ ጎትቶ ስለ ማውጣት የሚያወሳ ነው። ጣና ዳር ያደጋችሁ አድማጮቻችን ጉማሬን ከጭቃ ማውጣት ምን እንደሆነ መገመት አያቅታችሁም! ታልም በቼዝ ሰዓቱ ላይ ቁጭ ብሎ ጉማሬውን እንዴት እንደሚያወጣ ያስብ ጀመር፤ በክሪክ ይሆን፣ በብረት ዘንግ፣ በሄሊኮፕተር፣ በገመድ መሰላል? ብዙ ከደከመ በኋላ አልሆነምና እንግዲህ ይስመጥ ብሎ ተወው። ያን ጊዜ ጉማሬው ከነረግረጉ ጠፋ። ገበታውን በአዲስ ዓይን ሲያየው ነገሩ በሒሳብ የሚያልቅ እንዳልሆነ ገባው። ፈረሱን ሰጠ፤ ጨዋታውንም አሸነፈ። በማግሥቱ ጋዜጣው ታል አርባ ደቂቃ በጥልቀት አስልቶ የማያወላዳ መስዋዕት እንዳደረገ ጻፈ። ታል ይህን ሲያነብ ሳይስቅ አልቀረም።

ነገር ግን ዘሪ ሁሉ አያጭድም፤ ታልም ዋጋውን ከፍሏል። ገና በ1961 ቦትቪኒክ የመልስ ግጥሚያ ጠየቀ። መሐንዲሱ የታልን ጨዋታዎች አንድ በአንድ አጥንቶ፣ ግርግር የማይነሣባቸውን የተረጋጉ አቀማመጦች እየመረጠ መጣ። ዘሩ የሚበቅልበትን አፈር ነሣው ማለት ነው። ታል ደግሞ ከልጅነቱ ጀምሮ ያሠቃየው የኩላሊት ሕመም ተነሥቶበት ነበር፤ ግጥሚያው ይራዘም ቢባልም ወደ ገበታው ገባ። 13 ለ 8 ተሸነፈ። ሻምፒዮንነቱ አንድ ዓመት ብቻ ቆየ፤ ዳግመኛም አላገኘውም።

በ1962 ኩራሳው ደሴት ላይ በተደረገው ውድድር መሀል ሕመሙ ጸንቶ ሆስፒታል ገባ፤ አቋርጦም ወጣ። ከተጫዋቾቹ መካከል ቦቢ ፊሸር፣ ያ አራት ጊዜ ያሸነፈው ልጅ፣ አልጋው ድረስ ሄዶ ጠይቆታል። በ1965 ለሻምፒዮናው ደጃፍ ደርሶ በቦሪስ ስፓስኪ ተሸነፈ። በ1969 አንድ ኩላሊቱ ወጣ። ብዙ ሰው ታል አበቃለት አለ።

አላበቃለትም። በ1972 እና 1973 መካከል 86 ጨዋታ ሳይሸነፍ ተጫወተ። ወዲያው በ1973 እና 1974 ደግሞ 95 ጨዋታ ያለ ሽንፈት ቆየ። ይህን ክብረ ወሰን የቻይናው ዲንግ ሊረን የሰበረው በ2018 ነው፤ አርባ አራት ዓመት ቆየ ማለት ነው። ወጣቱ ዕድለኛ ቁማርተኛ ማለቱን አስታውሱ። ቁማርተኛ 95 ጊዜ ቁጭ ብሎ አንዴም ሳይከስር አይነሣም። ታል መቼ እንደሚሰጥ ብቻ ሳይሆን መቼ እጁን እንደሚሰበስብም የተማረ ሰው ነበር። የሶቪየት ኅብረትን ሻምፒዮና በጠቅላላው ስድስት ጊዜ ወስዷል። በ1988 በ51 ዓመቱ ካናዳ ላይ የዓለም የፈጣን ቼዝ ሻምፒዮን ሆነ።

በሜይ 1992 ሞስኮ ላይ የፈጣን ቼዝ ውድድር ነበር። ታል ሆስፒታል ተኝቶ ነበር፤ ተነሥቶ ሄደ። ያን ቀን በዓለም አንደኛ የነበረውን ጋሪ ካስፓሮቭን አሸነፈው። ከአንድ ወር በኋላ፣ ጁን 28 ቀን 1992፣ በ55 ዓመቱ ሞስኮ ውስጥ አረፈ። የተቀበረው በተወለደባት ሪጋ ነው።

ከእሱ ሞት በኋላ የሆነውን ካልነገርን ግን ታሪኩ ሙሉ አይሆንም። በ1997 ዲፕ ብሉ የተባለው የአይቢኤም ኮምፒውተር ካስፓሮቭን አሸነፈ፤ በሴኮንድ 200 ሚሊዮን አቀማመጥ ይመረምር ነበር። በመጨረሻው ጨዋታ ፈረስ ሠውቷል፤ ያ እርምጃ ግን ማሽኑ አስቦ ያገኘው ሳይሆን ሰዎች አስቀድመው የመክፈቻ መዝገቡ ውስጥ ያስገቡለት ነው።

የሚያስገርመው የመጣው ከዚሁ ከምንኖርበት አገር ነው። አሚር ባን እና ሻይ ቡሺንስኪ የተባሉ ሁለት እስራኤላውያን የሠሩት ዲፕ ጁኒየር በ2003 መጀመሪያ ኒው ዮርክ ላይ ከካስፓሮቭ ጋር ስድስት ጨዋታ ገጠመ። በአምስተኛው ጨዋታ ጁኒየር በአሥረኛው እርምጃ ጳጳሱን ለአንድ ወታደር ሰጠና የካስፓሮቭን ንጉሥ ወደ ሜዳ ጎትቶ አወጣው። የተዘጋ ሒሳብ አልነበረም፤ ሠሪዎቹ ለንጉሥ አደጋና ለእንቅስቃሴ ነጻነት ከቁራጭ ዋጋ ጋር የሚወዳደር ክብደት ሰጥተውት ስለ ነበር ማሽኑ ሁለት ነጥብ ጎድሎበት እንኳ ይበቃኛል አለ። ካስፓሮቭ ረጅም አሰበ፤ ጨዋታው በ19ኛው እርምጃ በአቻ ተጠናቀቀ። ግጥሚያውም 3 ለ 3 አለቀ። ያን ቀን ብዙ ሰው ታልን አስታወሰ።

በ2017 መጨረሻ ደግሞ አልፋዜሮ መጣ። እሱ የቁራጭ ዋጋ የሚባል ነገር ማንም አላስተማረውም። የጨዋታውን ሕግ ብቻ ይዞ ከራሱ ጋር 44 ሚሊዮን ጨዋታ ተጫውቶ፣ አንድን አቀማመጥ ሲያይ እዚህ የደረሰ ምን ያህሉን ጊዜ ያሸንፋል የሚለውን በልምድ ገመተ። በጨዋታዎቹም ወታደርና ፈረስ ሰጥቶ ሃያ ሠላሳ እርምጃ በትዕግሥት የሚጠብቅ ሆኖ ተገኘ። ከ2020 ጀምሮ በስልኮቻችን ላይ ያለው ስቶክፊሽም በሥልጠና የተገኘ መዛኝ ይጠቀማል። ማሽኖቹ ጎተራ ከመቁጠር ወደ ደመና ማየት እየመጡ ነው።

ቦትቪኒክስ? መሐንዲሱ ውድድር ካቆመ በኋላ ብዙ ድካሙን ያፈሰሰው ፓዮኒር በተባለ የቼዝ ፕሮግራም ላይ ነው። ሁሉን ከመቁጠር ይልቅ እንደ ሰው መርጦ የሚያስብ ማሽን ለመሥራት ነበር ምኞቱ። ሳይሳካለት ሄደ።

እንግዲህ ለዚያ ወጣት ምን ልበለው? ማሽኑ አልዋሸህም። ከዚህ በኋላ ሁለቱም ወገን ባይሳሳት ምን ይሆናል ለሚለው ጥያቄ የሰጠህ መልስ ትክክል ነው። ታል የጠየቀው ግን ሌላ ጥያቄ ነው፤ ይህ ሰው፣ በዚህ ሰዓት፣ በዚህ ጭንቀት ውስጥ፣ መንገዱን ያገኛል ወይ? አንዳንዴ ተሳስቷል። 1961 ለዚህ ምስክር ነው። እኔም በመምህርነቴ የመጨረሻውን መልስ ብቻ አይቼ በቀይ የሰረዝኳቸው ብዙ ደብተሮች ትዝ ይሉኛል። መልሱ በእርግጥ ስሕተት ነበር። ልጁ ወዴት ሊሄድ እንደ ነበር ግን ሁልጊዜ አላየሁም።

የኛ አባቶች ሰንጠረዥም ከዚህ የራቀ አልነበረም። በግንብ ወይም በፈረስ ማት ማድረግ ብዙ አያስከብርም ነበር፤ በወታደር የተገኘ ማት ግን አዳራሹን ያስጨበጭባል። ውጤቱ አንድ ሆኖ ሳለ ክብሩ ይለያይ ነበር። ይህን የሚለካ ቁጥር በስልኩ ላይ የለም።

ለወጣቶቻችን አንድ የቤት ሥራ እንስጥ። የታልን ስድስተኛ ጨዋታ አውጡና መጀመሪያ ፕሮግራሙን አጥፍታችሁ ተመልከቱት። 21ኛው እርምጃ ላይ ስትደርሱ በቦትቪኒክ ቦታ ተቀመጡ፤ ሰዓት ያዙና መልሱን ፈልጉ። ከዚያ በኋላ ማሽኑን አብሩት። ሰንጠረዥ የሚያውቁ አባቶችና እናቶች ካሉ ደግሞ ወደ ጣቢያችን ይደውሉልን፤ በአንድ ዝግጅት እናወጋለን።

ሳምንት በሌላ ባለታሪክ እስክንገናኝ ቸር እንሰንብት።